ለግራ እጅ የታዘዘ ካራ

"ነገ ነይ" የሚባል ነገር ደሜን ያፈላዋል። ዛሬም እርጅናው አላበረደኝም። ልብስ ሰፊ ለሐሙስ ብሎኝ ሐሙስ ካላደረሰልኝ አርብ በጠዋት ደጁ ላይ ነኝ። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?" ትለኝ ነበር። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

ያን ዓመት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አፈሳ ላይ ያዙት። ጫማ ላስጠርግ ብሎ ወጥቶ ነው የቀረው። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባልን። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ ነጋሪም ጠፋ።

ወንድሜ ግራኝ ነው። አባታችን ካረፈ ጀምሮ የበዓሉን ዶሮና በግ የሚያርደው እሱ ነበርና የአባቴ ካራ ለእጁ አልመች እያለው ይነጫነጫል። ጎረቤቶቻችን "በግራ እጅ የታረደ ደግሞ ማን ይበላዋል?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ገበታ ሲቀርብ ግን ቀድመው የሚቀመጡት እነሱው ናቸው። ሊያዝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ በራሱ እጅ ልክ ካራ አዘዘ። እንዴት እንዳዘዘ እየሳቀ ነገረን። ሽማግሌው እፍኝ የምታህል እርጥብ ጭቃ ይሰጡታል፤ እሱ እንደሚያርድ ሆኖ ይጨብጣታል፤ የጣቶቹ ልክ እዚያው ላይ ይቀራል። ከቀንድ የሚቀረጸው እጀታ ያንን ልክ ይዞ ነው የሚወጣው።

እሱ ከተወሰደ በኋላ እናቴ እህል ትታለች ማለት ይቻላል። ሁዳዴ ሲገባማ ሰበብ አገኘች። በየሳምንቱ ልደታ ጠበል ትሄዳለች፤ ለቅሶ ግን አታሳይም። ጎረቤት ሊያለቅስላት ሲቃጣው "ልጄ አለ፣ ሟርታችሁን ለራሳችሁ" ብላ ትመልሰዋለች።

ካራው ትዝ ያለኝ የገና ዋዜማ ነው። ወንድ በሌለበት ቤት ሴት ዶሮዋንና ካራዋን ይዛ ደጅ ትቆምና አላፊውን "ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ" ትላለች፤ ሴት አታርድማ። እኔም እንዲያው ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስቆም ከደጃችን እስከ አስፋልቱ አንድ ወንድ አላለፈም። ከፊት ለፊት በር ላይ ሌላዋ ዶሮ ይዛ ቆማለች፣ ከሷ ቀጥሎ ሌላዋ። ዶሮዎቹ እንኳ ዝም ብለው ነበር። በመጨረሻ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጥተው የሁላችንንም ባረኩልን፤ የአባቴ ካራ ደንዝዞ ዶሮዬን ሦስት ጊዜ ሲያርዷት አየሁ። ያን ለት፣ የወንድሜን ካራ አመጣለሁ፣ እናቴም የልጇን ዕቃ ስትይዝ ትጽናናለች ብዬ ወሰንኩ።

እናቴ የት እንደምሄድ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "ባለእጅ ናቸው፣ ዓይናቸውን ትኩር ብለሽ አትይ" ብላ ጤና አዳም ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ዝምታዋን የቡዳ ፍርሃት አድርጌ ወሰድኩት። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ሜክሲኮ አጠገብ ካለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ ቅጠሉን አውጥቼ አልጣልኩም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በጥር አጋማሽ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። የቀጥቃጭ ቤት ከሩቅ ይሰማል ብዬ ነበር፤ እኔ የገባሁበት ግን ጭጭ ያለ ነው። ወናፉ ተኝቷል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ነገሮች ተደርድረው ውሃቸው ጠብ ጠብ ይላል። በዚያ በበጋ ቤቱ የሚሸተው ዝናብ የመታው አፈር ነው።

"አባባ፣ ወንድሜ ያዘዘውን ካራ ልወስድ ነው" አልኳቸው።

ማነው ወንድምሽ አላሉኝም። ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩና "ግራኙ" አሉ። "አልደረሰም። ሳምንት ነይ።"

ሳምንት ስሄድ ከሰል ጠፍቷል። በሚቀጥለው ሞረዱ አልቋል። በሌላው የቀበሌ ስብሰባ ውለዋል። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ተቆጥቼ "ለመሆኑ ተጀምሯል?" ስላቸው ከሳጥን ውስጥ ብረቱን አወጡልኝ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ፣ ተስሎ ያለቀ፣ ፊቴ የሚታይበት ስለት ነው።

"ታዲያ ምን ቀረው?"

"እጀታው።"

"ቀንድ ጠፋ?"

"አለ።"

"ታዲያስ?"

"ሳምንት ነይ" አሉኝ። ድምፃቸው ሁሌም ለስላሳ ነው፤ እሱ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በየካቲት መጨረሻ ይመስለኛል፣ ሰው ጠርቷቸው ወጣ አሉ። እኔ ደግሞ ምን ቆርጦኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ተነስቼ አንዱን ጆንያ ገለጥኩ። የወንድሜ ጭቃ ነበረች። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አብሬው ያደግኩትን ሰው እጅ አጣለሁ? የአውራ ጣቱ ጥፍር መስመር ሳይቀር አለ። አምስት ወር የሞላው ጭቃ ሰው አሁን ጨብጦ የለቀቀው ይመስላል። ቀኝ እጄን ባስገባ እምቢ አለኝ። ግራዬን ሳስገባ ጣቶቼ ገብተው ተቀመጡ፣ ቦታውም ተረፋቸው። ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር።

ፀሐይ ነክቶት ይሆናል አልኩ። ከመስኮት የራቀ ጥግ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም። እጄን ነጥቄ ጆንያውን መለስኩ። ያን ቀን ከሰዓት የጻፍኩትን ደብዳቤ አለቃዬ አራት ጊዜ መለሰልኝ። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን ደግሞ ለማንም መናገር አልፈለግኩም።

በሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን ሳይጠብቁኝ ገባሁ። ሽማግሌው ጆንያዎቹን ሁሉ ገልጠው ከትንሽ ጠርሙስ በእጃቸው ውሃ እያንጠባጠቡ ጭቃዎቹን ያርሳሉ። ሕፃን የሚያጠጡ ይመስል ቀስ ብለው ነው። ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሰው ጭብጥ አለ።

"ይሄን ጭቃ እስከ መቼ ነው የሚያርሱት?" አልኳቸው።

ጠርሙሱን ከድነው ተቀመጡ። "ሁሉም እንደ ወንድምሽ ናቸው፣ ልጄ። አዘው ሄደው ያልተመለሱ። በኛ ሙያ በሰው እጅ ልክ የተያዘ ዕቃ ባለቤቱ መጥቶ ሳይጨብጠው አይጨረስም። ሳይመጣ ከጨረስኩት መምጫውን ዘጋሁበት ማለት ነው። ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ የእጁ ባለቤት በሕይወት አለ።"

ከሁሉም ጥግ ያለችው ጭቃ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅላለች። ሳላስበው ወደሷ ጠቆምኩ።

"እሱ የኔው ልጅ ነው። አራት ክረምት ሆነው" አሉ።

እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። ሦስት ወር የተመላለስኩት፣ እናቴ ዓይኔ እያየ የከሳችው፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣብኝ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ "እርስዎ"ን ትቼ "አንተ" ማለት ጀመርኩ። "ወንድሜን ጭቃ ውስጥ ቀብረህ ነው ነገ ነይ የምትለኝ? ይሄ ጥንቆላ ነው። ለፋሲካ ካልጨረስክልኝ ቀበሌ ሄጄ ስለት እየሠራ ይሸሽጋል እላለሁ።"

በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል በአንድ ቀጥቃጭ ላይ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተናገርኩት።

አልተቆጡም። "ቤት ተማክራችሁበታል?" አሉኝ።

"ቤቴ ውስጥ የምማከረው ሰው የለኝም" አልኳቸው።

"እሺ። ቅዳሜ ነይ።"

በዚያ ሁሉ ጊዜ የከበረችው ቀጠሮ እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ስደርስ ካራው አልቆ ነበር። ካራ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥምና መሬት ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔ አነሳሁት። ጥቁር የቀንድ እጀታ፣ ለግራ እጅ የተቀረጸ። እንዲህ ያማረ ዕቃ ከዚያ በፊትም በኋላም አልያዝኩም። መደርደሪያው ላይ አምስት ጆንያ ቀርቷል። የወንድሜ ጭቃ ደጃፉ ላይ ፈርሳ ፀሐይ ይመታታል፤ ስወጣ እንዳልረግጣት ዘልዬ አለፍኩ።

"ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት" አሉኝ ከኋላዬ።

እናቴን የት ያውቋታል እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ተነስታለች። በእጇ ትንሽ ጠርሙስ ይዛለች፣ የልደታ ጠበል። እኔ በደስታ ካራውን ከጋዜጣው ፈትቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው። አልነካችውም።

"ጭቃውስ?" አለችኝ።

"አፈረሱት" አልኳት።

ያኔ ገባኝ። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ጠበል ስትሄድ፣ ስትመለስ በጠመንጃ ያዥ በኩል ታልፍ ኖሯል። የሽማግሌው ጠርሙስ ውስጥ የነበረው የሷ ጠበል ነው። እንዳይጨርሱት የለመነችውም እሷ ናት።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?"

"ትስቂብኛለሽ ብዬ" አለች።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አዘቀዘቀችው፣ እንደ ሐዘንተኛ መልሳ ለበሰችው። መሬት ላይ ተቀመጠችና ሰባት ወር ያመቀችውን ድምፅ ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእናቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የጎረቤታችን ሴትዮ ራሷ ላይ ቄጠማ እንዳሰረች ሮጣ ገባች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። አጠገቧ ተቀምጣ "መርዶውን ማን ነገረሽ?" አለቻት።

"ይቺው ልጄ" አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ከማንም ምንም አልሰማሁም፤ ወረቀት አልመጣ፣ ሰው አልመጣ። የነበረኝ ካራ ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ፀሐይ የሚመታው ጭቃ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

"እውነት ነው፣ ልጄ?" አለችኝ ጎረቤታችን።

"አዎ፣ እውነት ነው" አልኳት።