በድንገተኛ ጊዜ ለማን ይደወል?

ስልኩ «በድንገተኛ ጊዜ ለማን ይደወል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የእህቴን ቁጥር ለምን ጻፍሁ? የባሌን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። የእህቴን ግን ፈልጌ ነው ያስገባሁት።

እናቴን ይዤ ሐጅ ልሄድ ስዘጋጅ ነው። ወረታ መስጊድ ያሠለጠኑን ኡስታዝ ስልካችንን እንዴት እንደምናሰናዳ አንድ በአንድ ነግረውን ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከወለድሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ የተባለውን እንደተባለ ካላደረግሁ አይሆንልኝም። የፓስፖርታችንን ፎቶ አነሣሁ። የምናርፍበትን ሆቴል ስም በዐረብኛ አስቀመጥሁ። ካርታው ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አወረድሁት። እናቴ በሕዝብ መሀል ብትጠፋብኝ ያለችበትን እንዲያሳየኝ የሁለታችንን ስልክ አገናኘሁ፤ የኔን በጣት አሻራ ቆለፍሁት። በመጨረሻ፣ ወድቄ ያገኘኝ ሰው ሳይከፍተው እንዲደውልልኝ የእህቴ ቁጥር በተቆለፈው ስልክ ፊት ላይ እንዲታይ አደረግሁ።

ባሌ የሩዝ መፈልፈያ አለው። ከአስር ሰላት በኋላ የገለባ አቧራ እንደለበሰ ገባና ስልኬን አነሣው። ከዚያ በፊትም መትቶኝ ያውቃል፤ በጥፊ፣ አንዴም በቀበቶ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ብወድቅ የሚደወልለት ሰው ነው።»

«እኔስ? ሞቻለሁ?»

«አንተ የመፈልፈያው መኪና ሲጮህ ስልክ አትሰማም ብየ ነው።»

ስናገረው እውነት መስሎኝ ነበር። ሳቀ።

«ሐጃ! ገና ሳትሄጅ ባልሽን ፈታሽ? ክፈችው። ስሜን ጻፊ።»

ከፍቼ ብጽፍ ያበቃ ነበር። እጄን ጨበጥሁ።

በስልኩ ግንባሬን መታኝ። አውራ ጣቴን ከጭብጤ ፈልቅቆ መስታወቱ ላይ ጫነው፤ ደም ነክቶት ስለነበር አልከፍት አለ። በነጠላዬ ጠርጎ ደግሞ ጫነው። ስልኩ እየተንቀጠቀጠ እምቢ ይላል። «ይኸም እንዳንች!» አለና ጣቴን ወደ ኋላ ቀለበሰው። ሲሰበር ሰማሁት። ሻሼን ከነጠጉሬ ይዞ ከግድግዳው አጋጨኝ፤ ስወድቅ ወገቤን፣ ጎኔን፣ እንደገና ወገቤን ረገጠኝ። «ለኔ ደውይ! እስቲ ለኔ ደውይ!» ይል ነበር፤ አንድ ርግጫ፣ አንድ «ደውይ»። አፌ በደም ተሞልቶ ነበር። ብፈልግም ድምፅ አልነበረኝም።

ሲደክመው ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። ስልኩን ጠርጎ አጠገቤ አኖረው፤ አልተሰነጠቀም።

«እናትሽ ከሰማች ሁለታችሁም አትሄዱም» አለኝ። ፓስፖርቶቹ ያሉት እሱ ዘንድ ነው። እናቴ ደግሞ አርጅታለች፤ ዘንድሮ ካልሄደች መቼም አትሄድም።

ወጌሻው ጣቴን አቃንቶ በቀርከሃ ሲያስረው ትከሻዬን ደግፎ የያዘኝ ባሌ ነበር። ወጌሻው «እንዲህ ያለ ባል ይስጥ ነው!» ብሎ አመሰገነው። ይፋግ ላለችው እናቴ በስልክ ባጃጅ ተገለበጠብኝ አልኋት።

«የወረታ ባጃጅ ነጂ ድሮስ ዐይን አለው?» ብላ ያንን የሌለ ሰው ስትረግመው ዋለች። ባሌም ስልኩን ተቀብሎ አብሯት ረገመ። ቀኑ ሲደርስም ፓስፖርታችንን ሰጥቶን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘን፤ እናቴ ጉንጩን ስማ መረቀችው።

ጅዳ ስንደርስ ፓስፖርታችንን ተቀብላ አሻራ የምትወስደው ሴት አውራ ጣቴ በደንብ አልተጫነም ብላ ይመስለኛል፣ በእጇ መስታወቱ ላይ ተጫነችው። ጮኽሁ። እናቴ ከኋላዬ ሆና በአማርኛ ጮኸችባት።

«ቀስ አርጊላት እንጅ! ባጃጅ ነው እኮ የሰበራት!»

የመግቢያው ማኅተም ፓስፖርታችን ላይ ሲያርፍ አየሁ። ከዚያ ወዲያ እሱ እናቴን ሊመልሳት አይችልም። ዞሬ፦

«ባጃጅ አይደለም፣ እማየ። እሱ ነው የሰበረኝ» አልኋት።

ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ገፋን። እናቴ ሻንጣዋን ትታ ወደፊት ሄደች፤ እኔ ነኝ የጎተትሁላት። አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው ወደ መስኮቱ ዞራ የተናገረችው።

«ከካዕባው ስደርስ መጀመሪያ ዱዓ የማደርግ ላንተ ነው ብየው ነበር ሲሸኘን። አሁን ምን ብየ ልጀምር?»