እናቴ ደረቷ ላይ የረጨችው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለአስም ቀጠሮዋ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አሁን የአስም ሕመምተኛ የራሱ ቀን አለው። ነርሷ አዲሱን የሚሳብ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት «እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። ልጄ ትንፋሿን አወጣች፣ መድኃኒቱን ሳበች፣ ያዘች። እኔ ግን የቆየ ቂሜ ተነሣብኝ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ከሰቆጣ ወዲያ ባለችው አገራችን ዝቋላ ማሽላ ሲወቃ ብናኙ የእናቴን ደረት ይዘጋው ነበር። ቆሎ ቋጥረን፣ በየጥላው እያረፍን፣ ግማሽ ቀን ተጉዘን ጤና ጣቢያ ደረስን። የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ ይህንኑ የሚሳብ መድኃኒት በመስኮት ሰጣትና «ሲያፍንሽ ሁለት ሁለቴ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት አንቺ አላት።

እናቴ መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ከጠበሏ ጎን አስቀመጠችው። ሲያፍናት ታማትብና ሁለት ጊዜ ደረቷ ላይ ትረጨዋለች። የታመመው ደረቷ ነዋ። እኔም አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፤ ልክ መስሎኛል።

ሲያልቅ ተመለስን። ሰውየው «በዚህ ፍጥነት? ከፍየሉ ጋር ገበያ አወጣችሁት እንዴ?» አለ። እናቴ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ኽምጣና በተጫነው አማርኛዋ «አልሸጥሁም ልጄ፣ ደረቴን ረጨሁት» አለችው። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ከዚያ በኋላ ያንን ደጅ አልረገጠችም፤ በሚቀጥለው ውቂያ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ የመድኃኒቱን ካርቶን ስከፍት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጽሑፉ ባይገባኝም ሥዕል ነበረው፤ ከንፈሩን ገጥሞ የሚስብ ሰው። ዱላዬን ቤት ትቼ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰውየው ሄድኩ። ባዶውን ዕቃ መስኮቱ ላይ አኖርኩና «አሳየኝ» አልኩት። አፉን ከፍቶ ከሩቅ ተጫነው፤ አልሳበም። እሱም አያውቅም ነበር። ሥዕሉን ለሰልፈኛው ዘርግቼ አሳየሁ። ማንም አልሳቀም።

በዚህ አልጠገብኩም። ገበያ በዋለ ቁጥር መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። ያንን መድኃኒት ለሰው ሲያቀብል «አሳያቸው» እለዋለሁ። ከንፈሩን ገጥሞ ያሳያል። ዘበኛው ቢያስወጣኝ በሳምንቱ እመለሳለሁ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ልጄ «አባዬ፣ ጨረስን እኮ» አለችኝ። «አንዴ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው።

ያንን ሰው ይቅር እንድለው የንስሐ አባቴ በየጾሙ ይመክሩኛል። እንቢ እንዳልኩ ነው። ለእሳቸው ያልነገርኳቸው፣ ይቅር ያላልኩት ሌላም ሰው አለ፤ ካርቶኑን ሳይከፍት አጠገቧ ቆሞ ያየው ጎረምሳ።