አንድ ሜትር ከአምስት

የአስተማሪ ትልቁ በሽታ ያነበበውን ሁሉ የሠራው መምሰሉ ነው። እኔም ለኩሽናችን የግራናይት ጠረጴዛ በራሴ እጅ እተክላለሁ ያልኩት ሦስት ቪዲዮ አይቼ ነበር።

ምክንያቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ባለቤቴ ከወለደች ወዲህ ወገቧ ጎንበስ ማለት እምቢ ብሏታል። በእኛ ኩሽና ደግሞ ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ነው፤ ከበርጩማ ለመነሣት ግድግዳ ትይዝ ነበር። ጤና ጣቢያ «ጎንበስ አትበይ» ብለው ሸኟት። ጎንበስ ሳይባል ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አልነገሯትም። ስለዚህ ቆማ የምትሠራበትን ድንጋይ ቃል ገባሁላት።

«ባለሙያ እንጥራ» አለችኝ።

«ባለሙያ የሚያውቀው ልማዱን ነው፤ እኔ የማውቀው ምክንያቱን ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ ይህን እየደገመች ትስቅብኛለች።

ሥራውን በአራት ደረጃ ከፍዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ስለ ቁመቱ ቪዲዮው ግልጽ ነበር፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ክርንን ማጠፍ፣ ከክርን አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ምልክት ማድረግ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ክርኔን አጠፍኩ፤ ለካሁ። አንድ ሜትር ከአምስት። በትምህርት ቤታችን ከእኔ የሚረዝመው የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ብቻ ነው።

እግሩን በብሎኬት ገነባሁ። የእንጅባራ ባጃጆች ድንጋዩን አንጭንም ስላሉ፣ አማቴ ከዘንገና የፈረስ ጋሪያቸውንና ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ጎረቤቶቹ ድንጋዩን ተሸክመው ሲገቡ፣ አማቴ ብሎኬቱን አዩና ቆሙ።

«ይኼ የማን ቁመት ነው?»

«መደበኛው ነው፣ አባባ።»

«መደበኛው የማን ልጅ ነው? አላውቀውም።» ጎረቤቶቹ ሳቁ። «እኛ ወፍጮ ስንተክል፣ መጀመሪያ የምትፈጨዋን ሴት እናቆምና በእሷ ልክ መደቡን እንሠራለን።»

ይህንማ ማስረዳት ነበረብኝ። ወፍጮ በጉልበት እንደሚገፋ፣ መክተፍ ግን የክንድ ሥራ እንደሆነ፣ ልዩነቱንም በጠመኔ ግድግዳው ላይ እየሣልኩ አብራራሁላቸው። ሁለቱ ሰዎች ድንጋዩን እንደተሸከሙ ያዳምጡኝ ነበር።

«መምህር፣ ትምህርቱስ መልካም ነው» አለ አንደኛው፣ «የዕረፍት ደወሉ መቼ ነው?»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ የሌላ አካባቢ ሰው ስለሆንኩ አገውኛ አልሰማም፤ ግን እንደገባው ሰው ፈገግ አልኩ።

ድንጋዩ ተቀመጠ። የውሃ ልኳ አረፋ መሐል ላይ ቀጥ አለች፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠርቼ አሳየኋቸው። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው አዘዝኩ። በአራተኛው ቀን ሽንኩርቱንና ቢላዋውን ራሴ አቀረብኩና ባለቤቴን ጠራኋት።

ቆመች። ድንጋዩ ደረቷ ሥር ደረሰ። ከባንክ መስኮት ፊት የቆመች ሕፃን መሰለች። ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቅላ ሁለት ጊዜ ከተፈችና ቢላዋውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ወገቧን ያዘች። 

«በርጩማ ላይ ብትቆሚስ?» አልኩ፣ ዝም ማለት ስለማልችል።

«አባዬ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ‹ድንጋዩን ለራሱ ነው የሚተክለው፤ ተይው፣ ይሥራበት› ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አስተምረህ ጨርሰህ?»

ልጃችንን አቀፈችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ እኔን ይጠብቅ ነበር። እውነት ለመናገር ቁመቱ ለእኔ ፍጹም ልክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከክፍለ ጊዜዬ በፊት እከትፋለሁ፤ ተማሪዎቼም ጠመኔው ለምን ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሚል ይጠይቁኛል። አንድ ሁለቴ ብሎኬቱን ላፍርስና ዝቅ ላድርገው ብዬ ነበር። «ወገቤ ሲድን እንነጋገራለን» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት በመስኮት ሳይ ሙሉ ጀሪካን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ እያንጎራጎረች ከቦኖ ትመጣለች። በሩ ላይ ስትደርስ ጀሪካኑን አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ገባች።

እኔም መክተፌን ቀጠልኩ።