ክኒኑን ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ሰው። ውሸት ነው። የተማረ ሰው ሲገድል አይቶ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ብሎ አይመኝም ነበር። እኔ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምማር ልጅ ሳለሁ፣ ታላቅ እህቴን ለመግደል ጥቂት ነበር የቀረኝ። መሣሪያዬ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፣ በጽሑፍም ብዙ ሰው ተችቻለሁ። ይህን ግን ጽፌው አላውቅም።

እህቴ እጅጋየሁ እናታችን ከሞተች በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ በበግ ጠጉር ሹራብ እየሠራች አሳደገችኝ። «እትዬ» ነው የምላት። አንድ ዓመት የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠው ጣቶቿ ተኮማተሩ። ኪሮሽ መያዝ ቀርቶ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። እሷ ሹራብ ካልሠራች ደግሞ ሁለታችንም አንበላም። ሐኪም ቤት ሄዳ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘላት፤ በሁለት ሳምንት ጣቶቿ ተፈቱ። ስምንት ወር ሙሉ ሳታቋርጥ ዋጠችው።

በዚያው ዓመት አንድ መምህራችን ከውጭ ይዞት የመጣውን አዲስ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስተምረን ነበር። ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት ሆርሞን የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ይገባል። ውስጥ ሪሴፕተር የሚባል ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ፕሮቲኑ በአንድ ወገኑ ሆርሞኑን ይጨብጣል። በሌላው ወገኑ ጣት የሚመስሉ ሁለት እጥፋቶች አሉት፤ እያንዳንዷን ጣት ቅርጿን አስይዞ ያቆማት አንድ የዚንክ አቶም ነው። ሪሴፕተሮቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣሉ። ጣቶቻቸውን በተጠማዘዘው የዲኤንኤ ገመድ ጎድጓዳ ውስጥ ሰደው ቦታቸውን በዳሰሳ ያውቁታል። እነሱ ሲቀመጡ አንዱ ጂን ይነበባል፣ ሌላው ዝም ይላል።

ፕሬድኒሶሎንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን መስሎ ሪሴፕተሩን ይይዛል። አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ «ሞልቷል» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች። ከኩላሊት በላይ ያሉት ሆርሞኑን የሚሠሩ ዕጢዎችም ይተኛሉ። ወራት የተኛ ዕጢ በአንድ ቀን አይነቃም። ክኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ሰውነት ያለ ሆርሞኑ ይቀራል። ይህን ሁሉ ፈተና ላይ ከነሥዕሉ ጻፍኩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ለዕረፍት ስመጣ እህቴን ለመለየት ተቸገርኩ። ከሲታ ፊቷ ሞልቶ ክብ ሆኗል፣ ጉንጯ ቀልቷል። ዘይትና ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን እንዲህ ያለ ፊት ብርቅ ነው። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ወረፋው መሀል ጮኸባት፦

«እጅጋየሁ! የቀበሌውን ዘይት ብቻሽን ነው እንዴ የምትጠጪው? ፊትሽ ራሽን አያውቅም!»

«በዓይንህ አትብላኝ፤ የሚበላ ካማረህ ቤትህ ግባ!» አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጣቶቿ ታመው ሳለ፣ ቢፈቱላት አንኮበር ላለች አንዲት ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጃንጥላውን ገዝታ ከፊቷ ዘርግታ፣ የክኒኑን ብልቃጥ በእጇ ይዛ ጠራችኝ።

«ዳንኩ ብዬ ልመሰክር እየሄድኩ ክኒን በጉያዬ ልያዝ? እመቤቴ ልትታዘበኝ ነው? እስቲ አንተ ተማሪው፣ ልተወው?»

ፊቷን አየሁ። «እትዬ፣ እንዲህ አምሮብሽ ምን ያደርግልሻል? ተዪው» አልኳት።

በኋላ ይህን የሰሙ የተማሩ ጓደኞቼ እምነቷን ለመውቀስ ቸኩለው ነበር። ቄስ ተዪ አላላትም። ስለቱም ክኒን አልከለከላትም። የጠየቀችው እኔን ነው፤ የመለስኩላትም እኔ ነኝ።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን በጭነት መኪና አንኮበር ወረድን። የአባታችን ዘመድ የሆኑ ቄስ ቤት አረፍን። በበዓሉ ዕለት ጃንጥላውን አስረከበች፣ እልል አለች፣ ጣቶቿን እያፍታታች ለሴቶቹ አሳየች። ሲመሽ ደከመኝ ብላ ተኛች።

በማግስቱ መነሳት አቃታት። የቀመሰችውን ሁሉ አስመለሰች። ከረፋዱ በኋላ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ቀዘቀዘ፣ ስናገራት ቃሏ ይጎተት ጀመር።

«ዓይን ነው» አሉ የቄሱ ባለቤት። «ትናንት ስታምር ያላያት ማን አለ?»

በልቤ ናቅኋቸው። እሳቸው ግን ቢያንስ ምክንያት ነበራቸው። እኔ ምንም አልነበረኝም።

አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጧት። እኔ ነጠላዋን ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። ከጤና ጣቢያው ስንደርስ የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰር የሚሏቸው ጠና ያሉ ዝምተኛ ሰው፣ የደም ግፊቷን ለኩ፤ ደግመው ለኩ።

«ወባ እንዳይሆን፣ ቆላ ወርዳ ነበር?»

«አልወረደችም።»

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በዚያ ሳምንት ምንም አልወሰደችም።

ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ለውጥ የለም። ደብረ ብርሃን የሚወስድ መኪና ለመንኳቸው። የጠዋቱ መኪና ሄዷል፣ ሌላ የሚመጣው ነገ ነው። «ነገ» ሲሉ ፊቴን አላዩኝም። ከዚያ በኋላ ማድረግ የምችለው ነገር እግሯን ማሸት ብቻ ነበር። አሸሁ። እግሯ አልሞቅ አለ። ዓይኗን ገልጣ «አንተ ልጅ፣ ምሳ በላህ?» አለችኝና መልሳ ከደነችው።

ከበሩ አጠገብ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች። ከአልዩ አምባ በርበሬ ይዛ ለገበያ የወጣች ነጋዴ ናት፤ ዘሃራ ትባላለች፤ እጇን ቆስላ ለማሳሰር ነው የመጣችው። እህቴን ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ወንድሜ፣ ይቺ ሴት ክኒን ትውጥ ነበር?»

«ድሮ። አሁን ትታዋለች።»

«መቼ ነው የተወችው?»

«ከሳምንት በፊት።»

«ያ አላህ!» አለችና በደህናው እጇ ደረቷን መታች። «ወላሂ ይሄ የክኒን ፊት ነው። የኔም ባል አስም ነበረበት፣ ፊቱ እንደዚህ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ አማረብህ ሲለው ድኛለሁ ብሎ ጣለው። በሳምንቱ ቀበርነው። ሐኪሙ በአንዴ እንዳታቆም ብሎት ነበር፤ አልሰማም። አንተ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ንገራቸው እንጂ!»

ያን ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ዓይኔ ላይ መጣ። ጣቶቹ፣ ዚንኩ፣ ጎድጓዳው፣ የተኙት ዕጢዎች፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። እህቴ ብቻ ናት ሥዕሉ ውስጥ ያልነበረችው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ከአንድ ሬሳ የተማረችውን እኔ ከስንት ወር ትምህርት አላገኘሁትም።

ድሬሰሩን ጠርቼ ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁምሳጥን ከፍተው ለአስም በሽተኛ ያስቀመጧትን ከክኒኑ ዘር የሆነች መርፌ አወጡ። ከደረስን ጀምሮ መርፌዋ ከእህቴ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች።

ከወጓት በኋላ መጠበቅ ነው። እኔ የማውቀው ነገር ሁሉ በዚያ ሰዓት መድኃኒቱን አላስቸኮለውም፣ አላዘገየውም። መርፌው ሪሴፕተሩን ሲይዝ፣ ጣቶቹ ገመዱን ሲዳስሱ እያሰብኩ ተቀምጬ ግድግዳ አየሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እጇ ሞቀ። ውኃ ጠየቀች። ዘሃራን ላመሰግናት ብወጣ እጇን አሳስራ ቁልቁል ወደ አገሯ ወርዳለች። ዳግም አላየኋትም።

ኋላ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ክኒኑን በወራት እየቀነሰ አስተዋት። ጣቶቿም ቀስ በቀስ ተመልሰው ታጠፉ። እስከ ዛሬ እንደታጠፉ ናቸው። ለዚያም ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

እሷ ግን ቤቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታወራለች። እንዲህ ነው የምትጨርሰው፦ «ይሄ ወንድሜ ባይማር ኖሮ እኔ ዛሬ አፈር ነበርኩ። ለድሬሰሩ የነገራቸው እሱ ነው።» እንግዶቹ ያደንቁኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያን ዕለት የጠየቀችኝንና የመለስኩላትን ረስታው ይሁን ትታልኝ አላውቅም። ልነግራት ስንቴ አፌን ከፍቼ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመልሻለሁ።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ በዚያ ዘመን የእሷን ሹራብ ያልለበሰ ጥቂት ነው። ማንበብ አትችልም። ይህን ይዛችሁ ቤቷ ሂዱና ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። እኔ በሌለሁበት።