እኔ ሳላውቅ ማን ያውቃል?

በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክፍሌ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የቀበሌ አዳራሽ ሲሆን፣ ተማሪዎቼ ከሰዓት በኋላ ከሥራ የሚመጡ ጎልማሶች ነበሩ።

ከእነርሱ መካከል በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ካመጡ ተላላኪ ሊሆኑ ነው፤ ካላመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ክፍል ውስጥ ሲወድቁ ሌሎቹ ክብሪት ጭረው ያሸቷቸዋል። መውደቁ ሲደጋገም ትዝታ የሚያዝበትን የአንጎላቸውን ክፍል እንደጎዳው ሐኪም ነግሯቸዋል።

ሁልጊዜ ትምህርት የምጀምረው የትናንቱን ቃላት በማስጠራት ነበር።

«እኔ ትናንት አልመጣሁም» ይላሉ ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ እዚሁ ነበሩ እኮ!» እላቸዋለሁ።

«የእሷ ጭንቅላት ወንፊት ነው» አለ አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ጋሪ ነጂ።

«ያንተም ወንፊት ነው፤ የቀረበት ግን እንክርዳዱ ነው!» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔ ግን ለፈተና ከማይቀርቡት ጋር መዘገብኳቸው። የትናንቱን ያላስታወሰ አልተማረም ብዬ አምን ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ የትናንቶቹን ቃላት የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ «ለማስታወስ አይጨነቁ፤ መጀመሪያ የመጣልዎትን ይጻፉ» አልኳቸው። «መስ» ለሚለው መስኮት ብለው ጻፉ። መስቀልም መስታወትም ሊሉ ይችሉ ነበር። «ደብ» ለሚለው፣ ደብተሩ ክርናቸው ሥር ተቀምጦ እያለ፣ ደብዳቤ አሉ። «ቆር» ደግሞ ቆርቆሮ ሆነ። ሁሉም የትናንት ቃላት ናቸው። በማግስቱ በሌሎች ቃላት ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ክው አልኩ።

«እትዬ፣ ያውቁታል እኮ! እርስዎ ባያስታውሱትም ውስጥዎ ያውቀዋል!»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ ሳላውቅ ማን ነው የሚያውቀው?»

«አእምሮዎ ነዋ! አንዱ ክፍሉ ቢጎዳ ሌላው ይሠራል። ሹሩባ ሲሠሩ ጣትዎ ራሱ ይሄድ የለ?»

«ሹሩባ እህቴ ስታስተምረኝ ትዝ ይለኛል። ይህን ግን ማን አስተማረኝ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በልጅነቴ ስወድቅ እናቴ ‹ውስጥሽ ሌላ አለ› ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጸልየውልኝ ወጣ ተባለ። አሁን አንተ አለ አልከኝ።»

አላልኩም ብዬ ማልኩ። ስለ አንጎል የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩ። ባብራራሁ ቁጥር የበለጠ ፈሩኝ።

ስማቸውን ከተፈታኞች ጋር አስገባሁ። የፈተናው ወረቀትም በከፊል እንደዚያው ቃል የሚያሟሉበት ነበር። በዕለቱ መጡ፤ ከፊት ተቀመጡ። ሰዓቱ ሲያልቅ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ከስማቸው በቀር አንድ ፊደል አልነበረም።

«ምነው እትዬ? አቃተዎት?»

«እጄ ሊጽፍ ነበር» አሉኝ። «ያዝኩት።»

ቀኝ አንጓቸው ላይ የገዛ ጣቶቻቸው ምልክት ቀልቶ ይታያል። በሳምንቱ የተላላኪነቱን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው። ዝም ብዬ ባስፈትናቸው ኖሮ ያልፉ ነበር።