ክሪክ ያነሳል እንጂ አይጠብቅም

ክልላችን በተቋቋመ ሰሞን፣ ሾፌሩ ልጄ ለመሥሪያ ቤቱ መኪና ክሪክ ሊገዛ አሶሳ ገበያ አብሬው ሄድኩ። ነጋዴው አንዱን ከካርቶን ሲያወጣው የግራሶ ሽታ ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ጋቢና አስቀምጦኝ ወደ ኩርሙክ ስንሄድ የኋላ ጎማችን ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። አባቴ ጣውላ አንጥፎ ክሪኩን በላዩ አቆመና መኪናውን አነሳው። ሊያግዙን የመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ የተቆረጠ ቀርከሃ ይዘው ከጎማው ሥር ሊያነጥፉ ጎንበስ አሉ።

"ሼኽ፣ እጅዎን አያስገቡ። በዱላ ይግፉት" አለ አባቴ።

ሽማግሌው ሳቁ። "ብረቱ ያንተ ነው። አንተ ራስህ ትፈራለህ?"

"ክሪክ ያነሳል እንጂ አይጠብቅም።"

እየሳቁ ቀርከሃውን በዱላ ገፉት። ወዲያው ጣውላው ተንሸራቶ ክሪኩ ወደቀ፤ ጎማው ቀርከሃውን ሰባበረው። ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው አዩና "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

አባቴ ጋቢና ገብቶ መሪውን ያዘ። ከዚያ፣ "ለወንድሜ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም" አለ።

ወንድም እንደነበረው ያን ቀን ነው የሰማሁት። አባቴ ስሙን እንኳ ሳይነግረኝ ሞተ።

"እማዬ፣ የቱ ይሻላል?" አለኝ ልጄ።

"እግሩ ሰፊ የሆነው" አልኩት። አባቴ አጠገባችን ቆሞ እሱ ቢመርጥልን ደስ ይለኝ ነበር።