ድልሁን ትተን ድንጋይ የጠረብንበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ ኃላፊ ስለ ክልሉ አዲስ የኢንዱስትሪ ዕቅድ፣ ሥራ ፈጣሪ ስለሚሆኑ ወጣቶች ያወራሉ። መርሳ ላይ ሹፌሩ ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ። በመንገዱ ዳር ቲማቲም ተከምሯል። «ዘንድሮም ረከሰ» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት። እኔ ሰይድን አሰብኩ።

ሰይድ የመርሳ ጎረቤቴ ነበር። አብረን ተምረን፣ ከኮሌጅ አብረን ተመርቀን፣ አብረን ሥራ አጥተን ተመለስን። አባቱ ጋሽ ይመር ወንዙ ዳር በመስኖ ቲማቲም ያለሙ ነበር። በበጋው እኩሌታ የሰው ሁሉ ቲማቲም ባንድ ጊዜ ይደርስና ገዢ ይጠፋል፤ የተረፈው ለከብት ይጣላል፤ ከብቱም ይሰለቸዋል። የበሰበሰው ሽታ አስፋልቱ ድረስ ይመጣ ነበር።

«ለምን ድልህ አናደርገውም?» ያለው ሰይድ ነው።

በእነሱ ግቢ ጀመርን። እኔ መርጬ አጥባለሁ፤ እሱ በትልቅ ድስት ያማስላል። በነጠላ አጥልለን፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ጨምረን፣ ውሃው እስኪመጥ እናፈላዋለን። የጣቶቻችን ቆዳ ይላጥ ነበር፤ ደስታው ግን ሌላ ነው። የመርሳ ምግብ ቤቶች ወደዱልን። በረመዳን ለሾርባ ሲሻሙበት ጋሽ ይመር «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ እናንተስ ባሕር አትሻገሩም» አሉ። ያኔ እኩዮቻችን በጅቡቲ በኩል እየወጡ ያልቁ ነበር።

የጎደለን መሥሪያ ቦታና መብራት ነው። ሁለት ብልቃጥ ድልህ ይዘን ወልድያ፣ ወጣቶችን ወደሚያደራጅ አንድ ቢሮ ሄድን። ባለሙያው ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር፤ ዳቦ ቆርሰው ከድልሁ አጠቀሱ።

«ይጣፍጣል። ግን ለዚህ አካባቢ የተሰጠው አቅጣጫ ድንጋይ ጠረባ፣ እንጨትና ብረታ ብረት ነው። ድልህ የለበትም።»

«ጋሼ፣ ቲማቲሙ ያለው እኮ እኛ ጋ ነው» አለ ሰይድ።

«ገብቶኛል፤ ከላይ የመጣ ነው። ኮብልስቶን ብላችሁ ተደራጁና ሼድ ትረከባላችሁ። ድልሁን በትርፍ ሰዓታችሁ ትሠራላችሁ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከሌሎች ልጆች ጋር ተደራጅተን ሼዱን ወሰድን። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ መሮና መዶሻ ይዘን ጥቁር ድንጋይ ስንጠርብ ከዋልን በኋላ ክንዳችንን ማንሳት ያቅተን ነበር። ትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ይመጣል ተብለን ነበር። አንድ ረፋድ ሰይድ መዶሻውን ጥሎ ፊቱን ያዘ፤ በጣቶቹ መካከል ደም ወረደ። ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ ወሰድነው። የግራ ዓይኑ አልተረፈም።

ፋሻው ሳይፈታ ከክልል እንግዶች መጡ። ማኅበራችን «ሞዴል» ተብሎ ነበርና ፎቶ ሊያነሱን አሰለፉን።

«አንተ፣ በዚህ ጎን ዙር፤ ፋሻው ይታያል» አለው ባለ ካሜራው።

ሰይድ ዞረ። ጋሽ ይመር የሼዱ በር ላይ ቆመው ነበር። «ልጄን አዞሩት» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። እኔም ፎቶው ውስጥ አለሁ፤ ሳቂ ስላሉኝ ስቄያለሁ።

የከተማው መንገድ ተነጥፎ ሲያበቃ ሥራውም አበቃ፤ ማኅበሩ ፈረሰ። እኔ ወልድያ ገብቼ ሱቅ ከፈትኩ፤ ሰይድ በአባቱ መሬት ላይ ቀረ።

ስለ ፖሊሲ የማውቀው ነገር የለም። ሥራ ፍጠሩ ሲሉን ግን ፈጥረን ነበር የሄድነው። የራሳችንን አስጥለው የእነሱን አሸከሙን፤ ከዚያም ሥራ አስያዝናቸው ብለው ቆጠሩን።

ባለፈው ክረምት ሰይድን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በደጁ የሚያልፈው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል። በደህናው ዓይኑ እያየኝ «ጭቃው እኮ ቀረልን» አለ። ያላገጠ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነበር።

እኔ እንደሱ መሆን አልቻልኩም።